ዝም የሚል አንቴና

አንቴና ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ከሩቅ ያለውን ድምፅ አጉልቶ የሚያመጣ ብረት ነው። ሲተልቅ ጥሩ፣ ከፍ ብሎ ሲሰቀል ደግሞ የበለጠ ጥሩ። የሬዲዮ አቅጣጫ መፈለጊያ አንቴና የሚሠሩ ሰዎች ግን ሥራቸውን የሚመዝኑት በተገላቢጦሽ ነው። የሚደክሙት አንቴናቸው በአንዲት ጠባብ መስመር ላይ ምንም እንዳይሰማ ለማድረግ ነው። ያቺ የዝምታ መስመር ጥርት ያለች ከሆነች ማሰራጫው ያለበት አቅጣጫ ይታወቃል፤ ከደፈረሰች ግን አንቴናው የፈለገውን ያህል ድምፅ ቢያመጣ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ነገሩን ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። መካከለኛ ሞገድ የሚይዝ ትንሽ ባለ ባትሪ ሬዲዮ ከፍቶ አንድ ጣቢያ ላይ ማቆም፣ ከዚያ ሬዲዮውን እንደያዙ በዝግታ መዞር ነው። ድምፁ ብዙም ሳይለወጥ ይቆይና ድንገት እየሰለለ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ይጠፋል፤ ጥቂት አለፍ ሲሉ ተመልሶ ይመጣል። በጠፋበት ቅጽበት፣ በሬዲዮው ሆድ ውስጥ የተጋደመው ጥቁር የፌራይት ዘንግ ጫፉን ወደ ማሰራጫው ቀስሯል ማለት ነው። ዜና መስማት ለሚፈልግ ሰው ይህ ችግር ነው። አቅጣጫ ፈላጊዎች ሙያቸውን የመሠረቱት ግን በዚሁ ችግር ላይ ነው።

የሬዲዮ አማተሮች የሚወዳደሩበት አንድ ስፖርት አለ። ጫካ ውስጥ አምስት ትናንሽ ማሰራጫዎች ይደበቃሉ። አምስቱም በአንድ ሞገድ ላይ፣ ተራ በተራ፣ እያንዳንዳቸው ለአንድ ደቂቃ ብቻ የሞርስ ምልክት ያሰማሉ። የሁሉም ምልክት አጀማመሩ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በመጨረሻው ነው። አንደኛው አንድ ነጥብ፣ ሁለተኛው ሁለት፣ እያለ አምስተኛው አምስት ነጥብ ያሰማል። ተወዳዳሪው ካርታና ኮምፓስ ይዞ፣ መቀበያውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ዳገትና ቁልቁለቱን እየሮጠ ፈልጎ ያገኛቸዋል። የዚህ ስፖርት የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1980 በፖላንድ ነው። ውድድሩ በሁለት ባንዶች ይካሄዳል፤ በ3.5 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባለው የ80 ሜትር ባንድ እና በ144 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባለው የ2 ሜትር ባንድ። ለሯጭ የሚሆን አንቴና ቀላል፣ ትንሽና ቁጥቋጦ የማይዘው መሆን አለበት፤ ደግሞም በስልሳ ሰከንድ ውስጥ ትክክለኛውን አቅጣጫ መናገር አለበት። ሁለቱን ጠባዮች በአንድ ላይ ማስማማት ነው የዚህ ሥራ ውበት።

መጀመሪያ ለ80 ሜትር ባንድ የሚሠራውን የቀለበት አንቴና እንየው። ዲያሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዙሪያው አንድ ሜትር አይሞላም፤ የሚቀበለው ሞገድ ግን ከጫፍ ጫፍ 85 ሜትር ያህል ይረዝማል። አንቴና በሞገዱ ሩብ ልክ ይሠራ ቢባል ኖሮ ሯጩ ሃያ ሜትር ያህል ሽቦ ይጎትት ነበር። በዚህ ሁሉ ትንሽነቱ ግን ቀለበቱ አቅጣጫን በአንድ ዲግሪና ከዚያም ባነሰ ልዩነት መለየት ይችላል። ምክንያቱን ለማወቅ ሁለቱን የቀለበቱን ጠባዮች፣ የሚጮህበትንና ዝም የሚልበትን፣ ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል።

የቀለበቱ ጠርዝ ወደ ማሰራጫው ሲዞር ድምፁ ከሁሉም ይበልጥ ይጎላል። ከዚህ ቦታ በ10 ዲግሪ ቢዛነፍ ምልክቱ የሚቀንሰው በ1.5 በመቶ ብቻ ነው። ይህን የሚለይ ጆሮ የለም። ፊቱን፣ ማለትም ባዶውን ክብ፣ ወደ ማሰራጫው ሲያዞር ግን ምልክቱ ይጠፋል። ከዚያ በአንድ ዲግሪ ብቻ ሲዛነፍ የትልቁ ድምፅ 1.7 በመቶ ይደርሳል፤ በሁለት ዲግሪ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። ጆሮ ደግሞ ልዩነትን የሚያውቀው በእጥፉ ነው። ከምንም ወደ ጥቂት፣ ከጥቂት ወደ እጥፉ የሚደረገው ለውጥ ለሰሚው ቁልጭ ብሎ ይታወቀዋል። ስለዚህ ባለሙያው ጩኸቱን ለመቃረቢያ ይጠቀምበትና እርግጡን ከዝምታው ይወስዳል።

የቀለበቱን ዲያሜትር በግማሽ ብንቀንሰው ስፋቱ ሩብ ይሆናል፤ የሚሰበስበውም ምልክት ሩብ ይሆናል። ይህ ኪሳራ ነው። በ80 ሜትር ባንድ ግን ከሰማይ የሚመጣው የመብረቅና የከባቢ አየር ጫጫታ ከጥሩ መቀበያ የራሱ ጫጫታ ስለሚበልጥ፣ የጎደለውን ጉልበት በማጉያ መመለስ ይቻላል። ዝምታው ግን ከቀለበቱ ጋር አያንስም። ከየት አቅጣጫ እንደሚጠፋ የሚወስነው የቀለበቱ ትልቅነት ሳይሆን የግራውና የቀኙ እኩልነት ነው። የወርቅ ነጋዴ ሚዛን እንዲሁ ነው፤ ትንሽ ስለሆነ አይዋሽም፣ የሚዋሸው አንዱ ክንዱ ከሌላው ሲረዝም ነው። አነስ ያለ የአቅጣጫ አንቴና የመሥራት ጥበብ በሙሉ እዚህ ላይ ያርፋል፤ ጉልበት በስፋት ይገዛል፣ ትክክለኝነት ግን በእኩልነት እንጂ በሌላ አይገኝም።

አሁን ቀለበቱን ቀርበን እንመልከተው። ከሩቅ ሲታይ ጎብጦ የተገናኘ የብረት ቱቦ ይመስላል። አልተገናኘም። አናቱ ላይ ቱቦው ተቆርጧል፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት አለ። ክፍተቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፕላስቲክ ገብቶ ሁለቱን ጫፎች እንደያዛቸው ነው። ታች፣ ልክ ከክፍተቱ ትይዩ፣ ቱቦው ከመቀበያው ሳጥን ጋር ተያይዟል። በቱቦው ውስጥ ጥቂት ዙር የተሸፈነ ሽቦ አለ፤ ጫፎቹ ታች ወጥተው ሞገዱን ከሚመርጠው ካፓሲተር ጋር ይገናኛሉ።

ያ ክፍተት የሥራው ልብ ነው። ባይኖርና ቱቦው ተገናኝቶ ቢዘጋ ኖሮ ቱቦው ራሱ የተዘጋ ዙር ሆኖ ውስጡ ያለውን ሽቦ ያፍነው ነበር። ክፍተቱ ሲኖር ግን የሚሆነው ሌላ ነው። የሚያልፈው ሞገድ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ የኤሌክትሪክ መስክና የማግኔት መስክ። የኤሌክትሪክ መስኩ ቱቦውን እንደ ቆመ ምሰሶ ይቆጥረዋል፤ የግራውንም የቀኙንም ክንድ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ታች ይገፋል። ሁለቱ ክንዶች እኩል ከሆኑ፣ የክፍተቱ ሁለት ጫፎች አብረው ከፍ አብረው ዝቅ ይላሉ። በመካከላቸው ልዩነት ስለማይፈጠር የሚሰማ ነገር የለም። የማግኔት መስኩ ግን በቀለበቱ ዙሪያ ይገፋል፤ አንዱን ክንድ ወደ ላይ ሲልከው ሌላውን ወደ ታች ያወርደዋል። ልዩነቱ ክፍተቱ ላይ ይታያል። አቅጣጫ የሚናገረው ይህ ሁለተኛው ብቻ ነው።

በተለምዶ ቱቦው ማግኔቱን አሳልፎ ኤሌክትሪኩን የሚያግድ መጋረጃ ነው ይባላል። ጉዳዩ ከዚያ የረቀቀ ነው። በ3.5 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ጅረት በመዳብ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው 0.035 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የቱቦው ግድግዳ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ ለዚህ ጅረት እንደ ተራራ ነው፤ የውጪውና የውስጡ ገጽ የማይተዋወቁ ሁለት ዓለሞች ናቸው። እውነተኛው አንቴና የቱቦው ውጪያዊ ቆዳ ነው። ውስጥ ያለው ሽቦ የሚሰማው ክፍተቱ ላይ የተፈጠረውን ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ቢዛነፍ ይቅር ይባላል፤ ክፍተቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ቢያዘነብል ግን ግራና ቀኙ እኩል መሆናቸው ይቀርና የኤሌክትሪኩ ምልክት በዚያች ልዩነት በኩል ሾልኮ ይገባል። ጥሩ ሠሪ መለኪያውን ይዞ የሚጨነቅባትን ቦታ በዚህ ታውቋታላችሁ። ቀለበቱ ፍጹም ክብ መሆኑ አያስጨንቀውም፤ አራት ማዕዘንም ቢሆን ይሠራል። ከታችኛው መሃል እስከ ክፍተቱ ያለውን ርቀት ግን በግራም በቀኝም ደጋግሞ ይለካል።

ቱቦ ማጎበጥ የማይፈልግ ሰው በኮአክሲያል ገመድ፣ ለዲሽ በምንጠቀምበት ዓይነት፣ ያንኑ ይሠራዋል። የገመዱ የውጪ መረብ በቱቦው ቦታ ይቆማል፤ አናቱ ላይ መረቡ ብቻ ተቆርጦ ይነሣል፣ የመሃሉ ሽቦ ሳይነካ ይቀጥላል። እዚህ ላይ የእጅ ጥራት በአንድ እይታ ይታያል። የተቆረጠው መረብ አንድ ፀጉር የምታህል ክር እንኳ ወደ ክፍተቱ ሾልካ ከቀረች ተሻግራ ልትነካና ሥራውን ልታበላሽ ትችላለች። ንጹሕ ሥራ የመረቡን ጫፎች ዙሪያውን ሰብስቦ፣ አስሮ፣ ውኃ እንዳይገባው አሽጎ ይተወዋል።

ከቀለበቱ ይልቅ የፌራይት ዘንግ የሚመርጡም አሉ። ከእርሳስ ብዙ የማይረዝም ዘንግ የቀለበቱን ሥራ ይሠራል፤ ፌራይቱ በዙሪያው የሚያልፈውን የማግኔት መስክ ወደ ራሱ ስለሚስብ ከስፋቱ በላይ ይሰበስባል። ዝም የሚለው በጫፉ አቅጣጫ ስለሆነ ሯጩ ዘንጉን እንደ ጣት ቀስሮ ይጠቁምበታል። እዚህም ሕጉ ያው ነው፤ ጥቅልሉ ከዘንጉ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ በዙሪያው የሚደረገው የብረት ሽፋንም ከዳር እስከ ዳር በአንድ መስመር ተሰንጥቆ ይተዋል። ጉዳቱ ፌራይት እንደ ሸክላ ተሰባሪ መሆኑ ነው፤ ድንጋይ ላይ ከወደቀ ውድድሩ አለቀ።

አንድ ችግር ይቀራል። ቀለበት ዝም የሚልበት አቅጣጫ ሁለት ነው፤ ፊትና ኋላ። ማሰራጫው ከፊቴ ነው ከኋላዬ ለሚለው ጥያቄ ቀለበቱ ለብቻው መልስ የለውም። ለዚህ ከጎኑ ቀጥ ያለች አጭር ዘንግ ትቆማለች። ዘንጓ ከየትም አቅጣጫ እኩል ትሰማለች። የእሷን ምልክት ከቀለበቱ ጋር ሲደምሩት በአንድ ወገን ይደጋገፋሉ፣ በሌላው ይጠፋፋሉ፤ ፊትና ኋላው ይለያል። መደመሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቀለበቱ ምልክት ከዘንጓ ምልክት በሩብ ዑደት ይለያል፤ ሳይስተካከል ከተደመረ አይጠፋፋም። መጠኑም እኩል መሆን አለበት። ባለሙያው ዘንጓን በአንዲት ሬዚስተር በኩል ያገናኛትና ሁለቱ በአንድ ወገን እስኪጠፋፉ ድረስ የሬዚስተሯን ልክ እየቀያየረ ይሞክራል።

እዚህ ላይ የሚደነቀው ሠሪው ዘንጓን መቼ ዝም እንደሚያሰኛት ማወቁ ነው። የሁለቱ ድምር የሚሰጠው ዝምታ ሰፊና ደብዛዛ ነው፤ ወገን ይነግራል እንጂ ዲግሪ አይነግርም። ስለዚህ ዘንጓ በአንድ ቁልፍ በኩል ትገባለች። ሯጩ ቁልፉን ተጭኖ ወገኑን ያውቃል፤ ቁልፉን ሲለቅ ዘንጓ ትወጣና ቀለበቱ ወደ ስለታም ዝምታው ይመለሳል። ዘንጓ ሁልጊዜ ተገናኝታ የቀረችበት መቀበያ ካያችሁ፣ ሠሪው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው የተረዳው።

ሌላው ከውጪ የማይታየው ሥራ የመቀበያው ሳጥን ነው። ሯጩ ወደ ማሰራጫው ሲቃረብ ምልክቱ ስለሚበረታ በአንቴናው ብቻ አይገባም፤ በሳጥኑ ስንጥቅ፣ በጆሮ ማዳመጫው ገመድ፣ በባትሪው ክዳን በኩል ይገባል። እንዲህ የገባ ምልክት አቅጣጫ የለውም፤ ቀለበቱ ዝም ቢልም እሱ ያወራል። ስለዚህ ጥሩ ሳጥን ከዳር እስከ ዳር ተበይዷል፤ ክዳኑ በብዙ ብሎን ተጠብቋል። ምልክቱን በደረጃ የሚያዳክም ማብሪያም አለበት።

ዲግሪ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቅ በሒሳብ ማየት ቀላል ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ባለ ማሰራጫ ላይ የ5 ዲግሪ ስህተት ሯጩን 175 ሜትር ወደ ጎን ይጥለዋል፤ የ1 ዲግሪ ስህተት 35 ሜትር ብቻ። ከስፖርት ውጪ ደግሞ መዘዙ ከዚህ ይከብድ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የማርኮኒ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሄንሪ ራውንድ በእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ የአቅጣጫ ጣቢያዎችን አቁሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1916 መጨረሻ ጣቢያዎቹ የአንድ የጀርመን የጦር መርከብ አቅጣጫ በ1.5 ዲግሪ መለወጡን አስተዋሉ። የጀርመን መርከቦች ከወደባቸው እየወጡ ነበር። እንግሊዞች ይህን ይዘው መርከቦቻቸውን አሰማሩ፤ በማግስቱ የጁትላንድ የባሕር ውጊያ ተካሄደ።

የአንቴናው ማነስም ጨለማ ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች የምስጢር ሬዲዮ ኦፕሬተሮችን በየሰፈሩ ለማደን ካፖርት ሥር የሚታጠቅ አቅጣጫ መፈለጊያ ሠርተው ነበር። አንቴናው ሰውነት ላይ የሚጠመጠም ቀለበት ነው፤ የምልክቱን ጉልበት የሚያሳየው መለኪያ ደግሞ የእጅ ሰዓት መስሎ ክንድ ላይ ይታሰራል። ታዳኙ በአጠገቡ የሚያልፈውን ሰው ሰዓቱን እንደሚያይ መንገደኛ ነበር የሚቆጥረው።

ቀለበት የማያሸንፈው ነገርም አለ። ሌሊት ከሰማይ ተንጸባርቆ የሚወርድ ሞገድ ከላይ በኩል ስለሚገባ፣ የቀለበቱ እኩልነት ምንም ያህል ቢያምር ዝምታው ይደፈርሳል፣ ይንከራተታል። እንግሊዛዊው ፍራንክ አድኮክ እ.ኤ.አ. በ1919 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ዘዴ በቀለበት ፋንታ የቆሙ ምሰሶዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ችግሩን አቃለለ። ዋጋው ግን ቦታ ነው፤ እንደ ቀለበት በእጅ አይያዝም።

ወደ 2 ሜትር ባንድ ስንመጣ ሞገዱ ራሱ ስላጠረ ሌላ መልክ ይመጣል። እዚህ የሚነግሠው ያጊ ነው፤ በየቤቱ ጣሪያ ላይ ለቴሌቪዥን ይሰቀል የነበረው ባለ ብዙ ጥርስ አንቴና። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በጃፓን፣ በሺንታሮ ኡዳና በሂደትሱጉ ያጊ እጅ ነው። ለሯጭ ግን የአሉሚኒየም ጥርሶቹ ቅርንጫፍ ላይ ይያዛሉ፣ ይጎብጣሉ፣ ይሰበራሉ።

አንድ አሜሪካዊ አማተር ለዚህ ያገኘው መፍትሔ በዓለም ዙሪያ ተዛምቷል፤ ጥርሶቹን ከግንበኛ የብረት ሜትር መሥራት። የብረት ሜትር ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ስለተሠራ ሲዘረጋ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቅርንጫፍ ሲገፋው ይታጠፋል፣ ሲለቀው ተፈንጥሮ ይመለሳል። ግንዱ የውሃ መስመር ፕላስቲክ ቱቦ ነው። የኋላው ጥርስ 105 ሴንቲ ሜትር፣ የፊቱ 89፣ ገመዱ የሚገናኝበት የመሃሉ ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ ግማሽ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከኋላው እስከ መሃሉ 20፣ ከመሃሉ እስከ ፊቱ 32 ሴንቲ ሜትር ግድም። ሁሉም ተደምሮ ክንድ ከምታህል ቱቦ ብዙ አያልፍም። በመሃሉ ጥርስ ሁለት ግማሾች መካከል እንደ ፀጉር መያዣ የታጠፈች አጭር ሽቦ ተበይዳለች፤ የአንቴናውንና የገመዱን ጠባይ የምታስማማው እሷ ናት።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ ግን የቁጥሮቹ ምርጫ ነው። ያጊ የሚነድፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያሳድደው ከፊት የሚመጣውን ጉልበት ነው። የዚህ አንቴና ነዳፊ ግን ልኬቶቹን የመረጠው ከኋላ የሚመጣው እስኪጠፋ ድረስ ነው፤ በስሌት የፊትና የኋላው ልዩነት ከ50 ዴሲቤል እንዲያልፍ። ሯጩ ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሮ አቅጣጫውን ይገምታል፤ ከዚያ ጀርባውን ይሰጠዋል። ድምፁ ጀርባው ላይ ሲሞት እርግጠኛ ይሆናል። ቀለበቱን የሠራው ሰውና ሜትሩን የቆረጠው ሰው በአንድ ሐሳብ ተገናኝተዋል።

ይህም አንቴና ቀርበው ሲያዩት ሠሪውን ያስመሰግነዋል ወይም ያጋልጠዋል። ሜትሩ ላይ ያለው ቀለም ብየዳ አይቀበልም፤ የሚበየድበት ቦታ ብቻ እስከ ብረቱ ተፍቆ ሌላው ቀለም ዝገት እንዲከላከል መተው አለበት። የተቆረጡት ጫፎች እንደ ምላጭ ስለሚቆርጡ ተድበልብለው በቴፕ ይሸፈናሉ። የመሃሉ ሁለት ግማሾች ከቱቦው ግራና ቀኝ እኩል ሆነው ካልተቀመጡ ሯጩ የሚያነበው አቅጣጫ ወደ አንድ ጎን ይጎተታል። ገመዱም ከጥርሶቹ ጋር ሳይጎዳኝ በቱቦው ላይ ታስሮ ወደ ኋላ መሄድ አለበት፤ እንደፈለገ ከተንጠለጠለ እሱ ራሱ ሳይጋበዝ አንቴና ይሆናል።

የቀለበትን ሥራ ለመመርመር ብዙ መሣሪያ አያሻም። ከአጥር፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከቆርቆሮ ጣሪያ ርቆ ገላጣ ሜዳ ላይ መቆም፣ የታወቀ ማሰራጫ መክፈት፣ ዝምታውን ፈልጎ አቅጣጫውን መሬት ላይ ማስመር ነው። ከዚያ ግማሽ ዙር ዞሮ ሁለተኛውን ዝምታ መፈለግ። በሁለቱ መካከል ልክ 180 ዲግሪ መኖር አለበት። ከዚያ ከጎደለ ወይም ከበለጠ፣ ሾልኮ የገባው ምልክት ከቀለበቱ ጋር እኩል እየተወዛወዘ ዝምታውን ወደ ጎን እየገፋው ነው። ሁለቱ ትክክለኛ ቦታቸው ላይ ሆነው ግን ድምፁ ሙሉ በሙሉ ካልጠፋ፣ የሾለከው በሩብ ዑደት ተለይቶ ገብቶ ጉድጓዱን እየሞላው ነው። በሁለቱም ጊዜ ወደ ክፍተቱ፣ ወደ ታችኛው መገናኛና ወደ ሳጥኑ ክዳን መመለስ ይገባል። ሁለቱ ዝምታዎች ፊት ለፊት ቆመው እኩል ጥልቅ ከሆኑ ግን ሠሪውን ስለ አንቴናው ትንሽነት የሚጠይቀው የለም።